መቀነት መውረጃ

ከኛ መንደር ከወይራ ራስ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይጠብና አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ገደል አፍ ይሆናል፤ የዚያ ቦታ ስሙ መቀነት መውረጃ ነው። እንግዳ ሲመጣ ስሙን ሰምቶ ይስቃል። አለቱ ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ፈር አለ፣ ውሃ ያበጀው ነው የሚሉም አሉ፤ የኛ ሽማግሌዎች ግን ውሃ አይደለም፣ የሴቶች መቀነት ነው ይላሉ፣ እኔም የማምነው እንደነሱ ነው።

እንደሚነገረው ነገሩ የሆነው በአንድ ክፉ ክረምት ነው። ወንዶቹ አህያውንም መጫኛውንም ይዘው እህል ሊሸምቱ ቆላ ወርደው ሳለ ናዳ መጣና የመንገዱን የላይኛውን ክፍል ገምሶ ወሰደው። ከላይ የቀሩት ሴቶች፣ ልጆችና አያ ተሰማ የሚባሉ እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ብቻ ነበሩ ይባላል። በዚያው ሰሞን እንጉዳይ የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ምጥ ያዛት። ውላ አደረች፣ ልጁ አልመጣ አለ። አዋላጇ ዘርትሁን ደግሞ ከገደሉ ሥር ባለው መንደር ነበረች፤ ተጠርታ እስከ ናዳው ድረስ መጥታ ቆማለች፣ ትታያለች፣ ድምጿም ይሰማል፣ ግን መውጫ የላትም።

ገመድ ተፈለገ፤ ገመዱ ሁሉ ከአህዮቹ ጋር ሄዷል። ያን ጊዜ የእንጉዳይ አማት ነጠላዋን ጥላ መቀነቷን ፈታች። በዚያ ዘመን ሴት ያለ መቀነት ደጅ መቆም ነውር ነበርና ሌሎቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ኋላ ግን ከቤት ውስጥ የምጡ ጩኸት ሲመጣ አንዷ ፈታች፣ ሌላዋም ፈታች፣ እየቀጣጠሉ ይቋጥሩ ጀመር።

አያ ተሰማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ «መቀነት ወገብ ይይዛል እንጂ ሰው አይይዝም» አሉ።

«ወገቡስ የሰው አይደለም ወይ፣ አያ?» አለች አማትየዋ። «ይልቅ መጥተው ይሳቡ።»

ገደሉ አፍ ወስደው ቁልቁል ሲለቁት አጠረ። ዘርትሁን ብትንጠራራም ጫፉን አልነካችውም። በመንደሩ የቀረው መቀነት አንድ ብቻ ነበር፣ የት እንዳለም ሁሉም ያውቃል። እመት ዳሳሽ የሚባሉ አሮጊት የራሳቸውን ፈትተው ሰጥተዋል፤ ከቀሚሳቸው ውስጥ ግን የሞተች ልጃቸውን መቀነት ታጥቀዋል። ልጃቸው በዚያው መንገድ በቃሬዛ ስትወርድ፣ ከአዋላጅ ሳትደርስ፣ ከነሆዷ ነው የሞተችው። ታዲያ ማን አፍ አውጥቶ ይጠይቅ። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

እመት ዳሳሽ እጃቸውን ከቀሚሳቸው ከተቱ። «ምን አንገታችሁን ትደፋላችሁ፣ ይሄም መቀነት ነው» አሉ። አማትየዋ ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ ግን አልሰጧትም። «ተይ፣ የኔን ራሴ ነኝ የምቋጥር።»

ቋጠሩትና በጥርሳቸው አጠበቁት ይባላል።

ዘርትሁንም ከሥር ጫፉን ወገቧ ላይ አስራ፣ «ብወድቅ አዋላጅ ሳይሆን ቀባሪ ፈልጉ» አለችና፣ ከላይ ያሉት ሴቶች አያ ተሰማም ጭምር ሆነው ሳቧት። አለቱ ላይ ያለውን ፈር ያወጣው ያ ነው። እስክትወጣ ድረስ ስትሳደብ ነበር አሉ፤ «ቀስ በሉ እንጂ፣ እኔ የጤፍ ስልቻ ነኝ?» ስትል። ከላይ ስትደርስ ግን አላረፈችም፣ የቀሚሷን ጭቃ እንኳ ሳታራግፍ እጇን ታጥባ ገባች። ልጁ በጎን ተጋድሞ ነበር፤ አሽታ፣ አዙራ አወጣችው። ሴት ልጅ ሆነች፣ እናትየዋም ተረፈች። እልልታው ለወንድ ይሁን ለሴት ያን ቀን የቆጠረ የለም ይባላል።

መቀነቶቹን ሊለያዩ ሲሉ ቋጠሮው በዝናቡና በዘርትሁን ክብደት ጠብቆ አልፈታ አለ። አያ ተሰማ ቢላዋ አመጡ።

«የማንን ቆርጠው የማንን ሊተዉ ነው?» አሉ እመት ዳሳሽ። «ይተዉት፣ ልጅቷ ትታዘልበት።»

እንዲሁ ሆነ። እንጉዳይ ልጇን በዚያ አዘለች፣ የመንደሩ ሴቶችም ወንዶቹ ከእህሉ ጋር ጥጥም ይዘው እስኪመለሱ ያለ መቀነት ከረሙ፤ ነውር ነው ያለም አልተገኘ።

ዛሬም በወይራ ራስ ሴት ስትወልድ የአንቀልባዋ ማሰሪያ ከገበያ አይገዛም። ከየቤቱ አሮጌ መቀነት እየተቀደደ ይመጣል፣ እያንዳንዷም የራሷን ራሷ ትቋጥራለች፣ ለሌላ አትሰጥም። የተጣላ እንኳ ይመጣል። እኔ ስወልድ በምንጭ ተራ የተኳረፍን ጎረቤቴ አዝመራ መጣች፤ ቁጭም አላለች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ቋጥራ ሄደች። አሁን መንገዱ ተጠርጓል፣ ጤና ጣቢያው ግን ሩቅ ነው። ልጄን ትኩሳት ሲይዘውና ያንን ገደል አዝዬው ስወርድ እጄ ሳላስበው ወደ ማሰሪያው ይሄዳል፤ ከሁሉ የጠበቀው የአዝመራ ቋጠሮ ነው።