የአቶ ሽታሁን ጉርሻ

አቶ ሽታሁን የሚባሉ ስመ ጥር ተቋራጭ በሠሩት ትምህርት ቤት ብዙም ሳይቆይ የአንዱ ክፍል ምሰሶ ተሰነጠቀ። "ግድ የለም፣ ስንጥቁ ውስጥ ድረስ ሙጫ በመርፌ እናስገባለታለን፤ አለት ይሆናል" ብለው ለወላጆች ቃል ገቡ። ሰነባብተው ግን ላዩን በሲሚንቶ ለቅልቀው ቀለም አስቀቡና "ተጠገነ" ብለው ድግስ ደገሱ።

ልጇ እዚያ ክፍል የምትማር አንዲት እናት ጠዋት ስንጥቁ ቀለሙን ገፍቶ ብቅ ማለቱን አይታ ነበር። በሆዷ "አምላኬ፣ አንተ ጠብቅልኝ" እያለች ከድግሱ መሐል ተነሣችና፣ "ጌታዬ፣ ያ ሙጫ የታለ?" አለች።

እንግዳው ሁሉ ዞረ። አቶ ሽታሁን ሳቅ እያሉ መጡ። "ውይ እናቴ፣ አንቺማ ርቦሻል! በይ አፍሽን ክፈቺ፤ ከዚያ ምሰሶው መጠገኑን ለእንግዶቼ ትመሰክሪልኛለሽ" አሉና ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አጎረሷት።

ጉርሻ እንቢ አይባልም። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር በትዕግሥት አላምጣ ዋጠች።

"እጅዎ ይባረክ ጌታዬ፤ ጉርሻው አንድም ክፍተት ሳይተው ሞልቷል" አለቻቸው። "ብቻ ቦታ ተሳስተዋል፤ የተሰነጠቀው ምሰሶው ነው፣ እርስዎ የደፈኑት የኔን አፍ ነው።"