ለራቢያ ማን ይንገራት?

በአንድ ወቅት ሐይቅ ከተማ ውስጥ ራቢያ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። የሙሽራ ቀሚስ ከእሷ እጅ ካልወጣ አያምርም ይባልላት ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ልጇን በወለደች ሰሞን፣ አእምሮዋን ታማ ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ ሕመሙን ባይፖላር አሉት፤ አንዴ ሰውን ሽቅብ አውጥቶ ከልክ በላይ ያስፈነድቃል፣ አንዴ ቁልቁል ጥሎ ከአልጋ ያውላል። መድኃኒት ጀመረችና ተሻላት። ይህን የሚያውቁት ባሏ ይማም፣ ታላቅ እህቷ ሰአዳና ሱቅ የምትጋራት ጓደኛዋ የሺመቤት ብቻ ነበሩ።

የሰአዳ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ የመጀመሪያውን ምልክት ያየው ይማም ነው። ራቢያ እንቅልፍ አጣች፤ ድካም ግን የለባትም። ገና ሳይነጋ፣ ሱብሒ ሳይሰገድ ተነሥታ ስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ስንት ዘመን ዝም ብላ የኖረችው ሴት እንደ ሙሽርነቷ ጊዜ መሳቅ ጀመረች።

«ራቢዬ፣ እስቲ ትንሽ ጋደም በይ» አላት።

«ደስ ያለው ሰው ምን እንቅልፍ ያሻዋል?» ብላ ሳቀችበት። እሱም አብሯት ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላለም።

የሺመቤት ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሆና አየች። ራቢያ አንዱን ቀሚስ ሳትጨርስ ሌላውን መቁረጥ ትጀምራለች፣ ወሬዋም ከመፍጠኑ የተነሣ አይያዝም።

«እህቴ፣ መድኃኒትሽን እየዋጥሽ ነው?»

«አሃ! ገበያዬ ዓይንሽን ወጋው? ምቀኛ!»

የሺመቤት ደነገጠች። ዳግመኛ አልጠየቀችም።

ሰአዳ በሠርጉ ጥድፊያ ውስጥ ስለነበረች ምንም አላየችም። በሠርጉ ዕለት ግን ራቢያ መቀስ ይዛ ዳሱ መሐል ገባች። በገዛ እጇ የሰፋችውን ዓይነ ርግብ ከሙሽራዋ ራስ ላይ ገፍፋ፣ እየቆራረጠች «በረካ ነው፣ ውሰዱ!» እያለች ለእንግዳው ታድል ጀመር። ሙሽራዋ አለቀሰች። ከሙሽራው ወገን አንዱ «ጂን ነው! ገመድ አምጡ!» ብሎ ተነሣ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

የሙሽራዋ እናት ሰአዳ በመሐላቸው ገብታ ቆመች። «እጃችሁን አንሡ! ጂን አይደለም! እህቴ የአእምሮ ሕመም አለባት፣ መድኃኒት የምትወስድበት!» ብላ ጮኸች። ገመዱ ቀረ። ስንት ዓመት ተሸሽጎ የኖረው ነገር ግን በአማቾች ፊት ተዘረገፈ፤ እንግዳውም ሳይበላ እየሹለከለከ ወጣ።

ራቢያ ሐኪም ቤት አልሄድም አለች። «የታመማችሁ እናንተ ናችሁ!» ብላ በር ዘጋችባቸው። ያኔ የሺመቤት መጥታ አንኳኳች። «ደሴ አንዲት ሙሽራ ከራቢያ በቀር ማንም አይለካኝም ብላለች» አለቻት። ራቢያ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መንገዱን ሁሉ እየዘፈነች ሄደች። የሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ዘወር ብላ፣ «ሙሽራዋስ የት አለች?» አለች። የሺመቤት እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

ሕመሙ ሲረግብ ሐፍረቱ መጣ። ራቢያ ሁሉንም አስታወሰች፤ የእህቷን ልጅ ዕንባ፣ «ምቀኛ» ያለችበትን አፏን፣ በር ላይ እንደ ሕፃን የጠየቀችውን ጥያቄ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ፊቷን በሻርፗ እየሸፈነች ወደ ግድግዳ ትዞር ጀመር።

ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ነርሷ ሲስተር ፋንታዬ ይማምን፣ ሰአዳንና የሺመቤትን አስጠርታ ራቢያን እንዲህ አለቻት፦ «ይህ ሕመም ሳያስጠነቅቅ አይመጣም። እንቅልፍ ይሸሻል፣ ምላስ ይፈጥናል፣ ቁጣ ይቀርባል። ከሰው ሁሉ ኋላ የምታይው ግን አንቺ ነሽ። ስለዚህ አንድ ሰው ምረጪ። ያ ሰው ‹ጀምሮሻል› ሲልሽ ሳትከራከሪ ትመጫለሽ። ሦስቱንም ካልሽ አንዱን በሌላው ታመካኚያለሽ።»

ይማም መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ከኔ ቀድሞ የሚያይ የለም። አይቻለሁ። ግን ሳቅሽ ናፍቆኝ ነበር፤ በሽታ ነው ልለው አፌ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ አይለምደኝም።»

«እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት» አለች ሰአዳ። «ገመናሽንም አደባባይ አውጥቻለሁ፣ የልጄንም ሠርግ በትኛለሁ። ነገም ቢሆን ከመታሰርሽ መዋረድሽን እመርጣለሁ።»

የሺመቤት ዕንባዋ ቀደማት። «ዋሽቼሻለሁ። ባልዋሽሽ አትመጭም ነበር። ካስፈለገም እደግመዋለሁ።»

ራቢያ በልቧ አወጣች አወረደች። ይማምን ብትመርጥ፣ ከእንግዲህ በፊቱ በሳቀች ቁጥር ዓይን ዓይኗን ሊያያት ነው። ሰአዳን ብትመርጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ስትሳቀቅ ልትኖር ነው። የሺመቤትን ብትመርጥ፣ ጓደኛዋ ነይ እንሂድ ባለቻት ቁጥር ልትጠረጥራት ነው። ሦስቱም ግን ወደዋታል፤ ይህን ስታስብ ሐፍረቷ ባሰባት። በመጨረሻ ሻርፗን ከፊቷ ላይ አወረደችና ስም ልትጠራ ቀና አለች።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ የቀረውን የሰማችሁ ፍረዱ። ቀድሞ አይቶ ዝም ያለው፣ ዘግይታ አይታ የጮኸችው፣ ወይስ ዋሽታ ያደረሰቻት? ራቢያ ራሷን ማመን ባቃታት ቀን፣ ልታምነው የሚገባት የትኛውን ነው?