የደብሪቱ የሦስት ቀን ፈቃድ

ይህ የሆነው በአንድ የፎጣ ፋብሪካ ነው፤ ስሙን እናንተም አትጠይቁኝ፣ እኔም አልነግራችሁ። እዚያ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ውስጥ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሽን ላይ የቆመች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፣ የሦስት ቀን ፈቃድ። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ የሺመቤት ሐዋሳ ትኖራለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው አራት ዓመቱ ነው። ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፣ አርብ ፋሻው ይፈታል። ደብሪቱ ፋሻው ሲፈታ ከአልጋዋ አጠገብ ልትገኝ ፈለገች። ይኸው ነው።

ድሮ ቢሆን ቀላል ነበር። ድሮ «ሠራተኛ አስተዳደር» የሚባል አንድ ጠባብ ክፍል ነበር፤ በክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ጋሽ ወንድይፍራው። ሰው በሩ ላይ ብቅ ሲል ከወረቀታቸው ቀና ይሉና «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ይላሉ። ሰውየው ነግሯቸው ሳይጨርስ እጃቸው ማህተሙ ላይ ነው። እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ቆይተውም ዐረፉ። ክፍሉ «የሰው ሀብት ልማት» ተባለ። ግድግዳው መስታወት ሆነ፣ ፈቃዱም በኮምፒዩተር ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ደብሪቱ መስታወቱን ገፍታ ገባች። ፌቨን የምትባል ወጣት ሠራተኛ ቁልፎቹን ነካካችና ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ፣ አልቀበል አለኝ። የተቀጠሩበት ቀን ባዶ ነው።»

«እኔ ልንገርሽ የኔ ልጅ፣ የመስቀል ማግስት ነበር።»

«በቃል አይሆንም፤ የድሮ ፋይልዎ ላይ መታየት አለበት።»

ኮምፒዩተሩ ያለ ቀን አልቀበል አለ፤ ቀኑ ያለ ፋይል አልገኝ አለ፤ ደብሪቱም ወደ መዝገብ ቤት ወረደች።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሸዋረጋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «አንቺንማ አውቅሻለሁ ደብሬ። ግን ዛሬ ያለ ደብዳቤ አንዲት ቅጠል ባወጣ እኔም እወጣለሁ። የሰው ሀብት ዳይሬክተሯ ትጻፍልሽ።»

ኮምፒዩተሩ ያለ ቀን አልቀበል አለ፤ ቀኑ ያለ ፋይል አልገኝ አለ፤ ፋይሉ ያለ ደብዳቤ አልወጣ አለ፤ ደብሪቱም ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

ዳይሬክተሯ ስብሰባ ላይ ነበረች። ማክሰኞ ከሰዓት ተገኘች። «የፈረቃ ኃላፊዎ ይፈርምና ወዲያው እጽፋለሁ» አለች በትሕትና።

የፈረቃ ኃላፊው ደግሞ ጆሮውን ከማሽኑ ጩኸት ሸሽጎ «እትዬ ደብሪቱ፣ ማሽኑ ሊቆም ነው? ተተኪ ያምጡና እፈርማለሁ» አላት።

ኮምፒዩተሩ ያለ ቀን አልቀበል አለ፤ ቀኑ ያለ ፋይል አልገኝ አለ፤ ፋይሉ ያለ ደብዳቤ አልወጣ አለ፤ ደብዳቤው ያለ ፊርማ አልጻፍ አለ፤ ፊርማው ያለ ተተኪ አልሰፍር አለ፤ ደብሪቱም ወደ ዘነቡ ሄደች።

ዘነቡ አብራት የተቀጠረች ናት። ረቡዕ እረፍቷ ላይ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል አገኘቻት።

«ኮምፒዩተሩ ካላዘዘኝ በሰው ማሽን አልቆምም» አለች ዘነቡ። «ባለፈው ብቆም ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ።»

ኮምፒዩተሩ ያለ ቀን፣ ቀኑ ያለ ፋይል፣ ፋይሉ ያለ ደብዳቤ፣ ደብዳቤው ያለ ፊርማ፣ ፊርማው ያለ ተተኪ፣ ተተኪዋም ያለ ኮምፒዩተር! ዞሮ ዞሮ እዚያው። ደብሪቱ የምትሄድበት ሌላ በር አጣች። አግዳሚው ላይ ዘፍ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ዘነቡ አየቻትና ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ለመሆኑ የት ልትሄጂ ነው?»

በእነዚያ ሦስት ቀናት ይህን የጠየቃት አልነበረም። ደብሪቱ ነገረቻት።

«የሺመቤት? ያቺ ምሳሽን ይዛ በር ላይ ትቆም የነበረችው? ስንት ቀን እኔንም አጉርሳኛለች!» ዘነቡ ተነሣች፣ ሽርጧን አጠበቀች። «ማስጠንቀቂያውን ይጻፉት። እኔ እቆማለሁ።»

ዘነቡ ስትቆም የፈረቃ ኃላፊው ፈረመ፤ ፊርማው ሲሰፍር ዳይሬክተሯ ጻፈች፤ ደብዳቤው ሲደርስ አቶ ሸዋረጋ መዝገብ ቤቱን ከፈቱ፤ ፋይሉ ሲወጣ ቀኑ ተገኘ፤ ቀኑ ሲሞላ ኮምፒዩተሩ እሺ አለ።

ፌቨን ፋይሉን ልትዘጋ ስትል ከመጨረሻው ገጽ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አገኘች። ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ወላጅ የላትም። ታላቅ እህቷ እንደ እናት ናት። በእህቷ ጉዳይ ከመጣች አታመላልሷት። ወንድይፍራው።»

ፌቨን ዓይኗን ወደ ኮምፒዩተሩ መለሰች። ይህን የምታስገባበት ቦታ አልነበረውም።

«ማን ነበሩ እሳቸው?»

«እዚህ አንቺ ቦታ ይቀመጡ ነበር» አለች ደብሪቱ።

ፌቨን ከወንበሯ ተነሣች፤ የፈቃዱን ወረቀት በሁለት እጇ ሰጠቻትና እስከ በሩ ሸኘቻት።

አርብ ጠዋት ሐዋሳ ላይ ሐኪሙ ፋሻውን ቀስ ብሎ ፈታ። የሺመቤት ዓይኗን አርገበገበች። መስኮቱን አየች፣ ሐኪሙን አየች፣ ከዚያ አልጋዋ አጠገብ የቆመችውን። እጇን ዘርግታ የደብሪቱን ፀጉር ከሻሹ ሥር ነካችው።

«ውይ ደብሬ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»