እንዶድ ሻጯ አንጓችና የጠገራው ወዝ

ነበረ ይባላል፤ አልነበረም የሚል ካለ ደግሞ ቀጨሞ ገበያ ወርዶ ይጠይቅ። ዘመኑ ሩቅ ነው። ሰው ሀብቱን በመቀነቱ ቋጥሮ በሚዞርበት፣ በቅሎ ያለው ሰው ጌታ በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ በቀጨሞ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች።

አንጓች ሀብት የላትም። መሬት የላትም። ባል ነበራት፤ ሞተ። ከፊት ሁለት ጥርስ ነበራት፤ እነሱም ባሏን ተከተሉት። ሥራዋ እንዶድ መሸጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዶዷን ወቅጣ፣ በቅል ሞልታ ትመጣና ከገበያው ጫፍ፣ አህዮች ከሚታሰሩበት ትቀመጣለች። በሌላው ቀን ወንዝ ወርዳ የሰው ጋቢና የሰው ኩታ ታጥባለች። ሠላሳ ዓመት አጠበች። ሠላሳ ዓመት ሲያጥብ የኖረ እጅ እድፍ ያውቃል። የቅቤውን እድፍ፣ የጠላውን እድፍ፣ የእንባውን እድፍ ሳይቀር ለይታ ታውቅ ነበር። የማን ባል የት እንዳመሸ ከኩታው ታነባለች ይሏታል፤ ግን አትናገርም። ስለዚህ ሴቱም ወንዱም ይወዳታል። ወንዱ ትንሽ ይፈራታልም።

በዚያ ዘመን የሚገበየው በጠገራ ብር ነው። በአንድ ፊቱ ደረቷ የሞላ ሴትዮ ሻሽ አስራ ትታያለች፤ በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ወፍ ክንፉን ዘርግቷል። የቀጨሞ ሰው ታዲያ ነጭ ብር አይወድም። «አዲስ ብር እንደ አዲስ አማች ነው፤ ቶሎ አይታመንም» ይላል። የሚወደው የጠቆረውን፣ ብዙ እጅ የዳበሰውን፣ ወዝ የጠጣውን ነው። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ጥቁሩ እንደሚወደድ የሰሙ ብልጦች ብር ማጥቆር ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ ጓንጉል የሚባል ሰው ከሩቅ አገር መጣ። መልኩ ያማረ፣ ምላሱ የጣፈጠ ነው። አያ ጥጋቡ የሚባል ገበሬ የእርሻ በሬውን ሊሸጥ አምጥቶ ነበር። ስሙ ጥጋቡ ይሁን እንጂ ያን ዓመት ጎተራው ባዶ ነው፤ በሬውን ሸጦ ዘር ካልገዛ ቤተሰቡ ክረምቱን አይወጣም። ጓንጉል በሬውን ሳይከራከር ገዛው። አሥር ጥቁር ጥቁር ጠገራ በነጭ ጨርቅ ቋጥሮ ሰጠው። አያ ጥጋቡ ደስታው ልኩን አጣ። ብሩን ጭኑ ላይ ዘረገፈና ጨርቁን ወደ አንጓች ወረወረ።

«እትዬ አንጓች፣ እስቲ ይቺን እጠቢልኝ። ለሚስቴ ራስ ማሰሪያ ትሆናለች።»

አንጓች ጨርቁን ዘረጋችው። ነጩ ጨርቅ ላይ አሥር ጥቁር ክብ ታትሟል።

«አያ ጥጋቡ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የብሩ ወዝ ነዋ!»

«ወዝማ ከብሩ ጋር ይኖራል። ጨርቅ ላይ ምን ይሠራል?»

አንዱን ጠገራ አነሣች። አየችው። ዳበሰችው። አሸተተችው። የኩራዝ ጥላሸትና የኑግ ዘይት ሸተታት። ብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ ተመለከተች፤ ጉንጯ ከል የለበሰ ይመስላል፣ የሻሿ እጥፋት ግን ነጭ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልተናገረች ሴት ያን ቀን ተነሥታ ጮኸች።

«እናንተ ሰዎች! ሴት ልጅ ጉያዋን ታጥባ፣ ፊቷን ሳትታጠብ ገበያ ስትወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ገበያው ወደ አህዮቹ ጎረፈ። እሷም ብሩን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ብር በእጅ ሲዞር ሰው የሚዳብሰው ጉንጯንና ደረቷን ነው፤ እሱ ይነጣል። ጥቁሩ የሚተኛው እጥፋቱ ውስጥ ነው፣ ጥላሸት በቤት ጥግ እንደሚተኛ። ይህችን ማንም አልዳበሳትም፤ ቀቧት እንጂ!» አለችና ጠገራውን እንዶዷ ውስጥ ነክራ አሸችው። ጥቁሩ ለቀቀ። ከሥሩ የወጣው ብር አልነበረም፤ እርሳስ ነበር።

ወንዶቹ ዱላ ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። ጓንጉልም በሬውን ትቶ፣ ጫማውንም ትቶ ወንዙን ተሻገረ። አያ ጥጋቡ በሬውን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብር የሚቀበል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ አህዮቹ ይመጣል። አንጓች ታያለች። ትዳብሳለች። ታሸትታለች። ዋጋ ስጡኝ አትልም፤ «እንዶድ ግዙኝ» ትላለች። ሰዉም እየሳቀ ይገዛታል።

ነገር ግን ፍርሃት ሲገባ ልክ የለውም። የቀጨሞ ሰው አንዴ ስለተታለለ ሁሉን መጠርጠር ጀመረ። ሙሽራ ያመጣችውን ብር ይነክሳል፤ ቄሱ የሰጡትን ብር ሳይቀር ይነክሳል። አንድ ሰውማ ሲነክስ ጥርሱ ወልቆ፣ «እውነተኛ ነው» ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ሄደ።

ያኔ ነው ደጊቱ የመጣችው። ደጊቱ ድሀ አደግ ኮረዳ ናት። እናቷ ስትሞት ሦስት ጠገራ ትታላት ነበር። በሦስቱ ጠገራ ጊደር ልትገዛ ወጣች። ብሩን ለባለ ጊደሩ ስትዘረጋ ገበያው ተሰበሰበ። ብሩ ነጭ ነው። እንደ መስተዋት ያበራል። «ቆርቆሮ!» አለ አንዱ። «የጓንጉል እህት ትሆናለች!» አለ ሌላው። የገበያው ሹም አቶ ቢሻው መጡና፣ «ትታሰር!» አሉ። ገመድ መጣ።

«እትዬ አንጓች ትየው!» አለ ሰዉ።

አንጓች ብሩን ተቀበለች። አየችው። ዳበሰችው። አሸተተችው። ሎሚ ሎሚ ሸተታት። ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት።

«ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ እንዶድ ከእኔ አልገዛሽም?»

«ገዝቻለሁ» አለች ደጊቱ እያለቀሰች። «የእናቴ ብር በጣም ጠቁሮ ነበር። ንጹሕ ሆኖ ይቅረብልኝ ብዬ በእንዶዱ አጠብኩት። በእንዶዱ አልለቅ አለኝ። በሎሚና በአሸዋ ቀኑን ሙሉ ፈተግኩት።»

አንጓች እጇን አጨበጨበች። «ሰማችሁ? በእንዶዴ አልለቀቀም! የአገሩን እድፍ ሁሉ ያስለቀቀ እንዶዴ ያን ጥቁረት አላስለቀቀም! ታዲያ ወዝ ካልሆነ ምን ነበር?»

አቶ ቢሻው ግን ሹም ናቸውና ቶሎ አያምኑም። «ቃል ነው። በዓይኔ ካላየሁ» አሉ።

አንጓች ከአጥሩ እሾህ ሰበረች። በእሾሁ ጫፍ ከሴትዮዋ ሻሽ እጥፋት ሥር ቀስ አድርጋ ጠቆመች። አቶ ቢሻው አፍንጫቸው ብሩን እስኪነካ ጎነበሱ። ከእጥፋቱ ሥር፣ አሸዋው ካልደረሰበት፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ ጥቁር መስመር ተኝቷል። ወፉም ላባው መሃል ጥቁር ጥቁር አለ።

«ሴት ልጅ ተቻኩላ ስትታጠብ ከሻሿ ሥር ትረሳለች» አለች አንጓች። «ይህች ሴትዮ ታጥባ መጣች እንጂ ተለውጣ አልመጣችም።»

ገመዱ ተፈታ። ባለ ጊደሩም አፍሮ ሦስቱን ብር ተቀበለ። አንጓች ግን ወደ ደጊቱ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እድፍ ነው የሚታጠብ፤ ወዝ አይታጠብም። የእናትሽን እጅ አጠብሽው እኮ» አለቻት። ልጅቷ ያኔ ነው ከልቧ ያለቀሰችው። አንጓችም ራርታ አብራት አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ እንዶድ የገዛትን ሁሉ «ብር እንዳታጥቡበት!» እያለች ትለምን ጀመር። ገበያዋም በግማሽ ወረደ።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ የከፋ ነበር፤ የመጣው ከጌታ ቤት ነውና።

የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ ወንዳፍራሽ ይባላሉ። ደግ ናቸው፤ ግን የሚያምር ነገር ካዩ ልባቸው ይጠፋል። አንድ ቀን ፂሙን እስከ ደረቱ ያሳደገ፣ የመነኩሴ ቆብ የደፋ ሰው ወደ ግቢያቸው ወጣ። ከጉያው አንዲት ጠገራ አወጣ። ጥቁርም አይደለች፣ ነጭም አይደለች። ዳሯ ሰማያዊ፣ መሃሏ ወርቅማ፣ በመካከል ቀይና ወይን ጠጅ። ስትዞር እንደ እርግብ አንገት ትለዋወጣለች።

«ኖኅ ከመርከቡ ሲወርድ በእጁ የነበረች ናት። ቀስተ ደመናው መጀመሪያ ያረፈው በእሷ ላይ ነው» አለ ሰውየው።

የፊታውራሪ የንስሐ አባት፣ «ኖኅ ብር ነበረው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ፊታውራሪ ግን ልባቸው ጠፍቷል። ያቺን ጠገራ በምርጥ በቅሏቸው፣ ከነኮርቻዋ፣ ለወጡ። ብሩንም በሐር ክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። በማግስቱ ግብር አበሉ፤ ባለ ቆቡንም በክብር አስቀመጡት። እንግዳው ሁሉ እየመጣ ብሩን ሳመ። በመጨረሻም ፊታውራሪ፣ «ያቺ ብር የምታውቅ ሴትዮ ትጠራና በሰው ፊት ትመስክር» አሉ።

አንጓች መጣች። አዳራሹ ሙሉ ነው። ፊታውራሪ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉላት። አየችው። ልትዳብሰው አልደፈረችም። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ የማድቤት ሽታ ሸተታት። ወዲያው ዞር ብላ ባለ ቆቡን አየችው። በፂሙ አላወቀችውም። በአውራ ጣቱ ግን አወቀችው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥላሸት እስከዚያን ቀን አልለቀቀም ነበር። ጓንጉል ነው።

አንጓች አሰበች። ውሸት ነው ብትል ጌታን በእንግዳቸው ፊት ማዋረድ ነው፤ ጅራፉም ከምሰሶው ተሰቅሏል። እውነት ነው ብትል ደግሞ አገሩ ሁሉ ብሩን እየቀለመ ገበያ ሊያወጣ ነው፤ እነ ደጊቱ ማንን ሊያምኑ ነው?

«ጌታዬ፣ ከመመስከሬ በፊት ሰባት የተቀቀለ እንቁላል ይታዘዝልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። «ርቧታል!» አሉ። ፊታውራሪም ሳቁና አዘዙ። «አንድ ነጭ ጠገራም ይጨመርልኝ፤ ማንም የማይወደው ዓይነት።» እሱም መጣ። እንቁላሉ ትኩስ እንደሆነ ላጠችው። አስኳሉን በትንሽ ማሰሮ ውስጥ አደቀቀችው። ነጩን ጠገራ በላዩ አድርጋ ከደነችው። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ በሌሉት ጥርሶቿ፣ የእንቁላሉን ነጭ ቀስ እያለች ትበላ ጀመር። አንዱን በላች። ሁለተኛውን በላች። ሰው ሁሉ ያያታል። ጓንጉል ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ሰባተኛውን ስትጨርስ እጇን ጠረገች። ማሰሮውን ከፈተች። ጠገራውን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

ዳሯ ሰማያዊ፣ መሃሏ ወርቅማ፣ በመካከል ቀይና ወይን ጠጅ።

ፊታውራሪ የአንገታቸውን አዩ፤ የእሷን አዩ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ልዩነትማ አላቸው፣ ጌታዬ። የእኔን ዶሮ ጣለችው፤ የእርስዎን በቅሎ ጣለችው።»

የንስሐ አባት መጀመሪያ ሳቁ። ሳቃቸውን ሊውጡ ሲታገሉ ትን አላቸው። አዳራሹ አሁንም ፈርቶ የፊታውራሪን ፊት ያያል። ፊታውራሪ ቀሉ፤ ቀጥለው ጠቆሩ፤ ቀጥለውም ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ያኔ ሁሉም ሳቀ።

ጓንጉል በሩን ወጥቶ በቅሏ ላይ ዘለለ። በቅሏ ግን የገብስ ሰዓቷ ነበር። ቢኮለኩላት፣ ቢገርፋት፣ ግቢውን አንዴ ዞራ ከነጋላቢዋ ወደ ጋጣዋ ገባች። ከዚያው ያዙት።

«ሴትዮ፣ ታዲያ የዚህ ብር ዋጋው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ ፊታውራሪ፣ ሐሩን እየፈቱ።

«ብሩ እውነት ነው፤ ቀለሙ ነው ውሸቱ። ብሩን በአንድ ብር ይያዙት፤ ቀለሙን በአንድ እንቁላል።»

ፊታውራሪ ፈረዱ። ጓንጉል አልተገረፈም። ያቺ ጠገራ ተሰጠችው፤ በየቅዳሜው ገበያ መሃል ተቀምጦ በአውራ ጣቱ እንዲያሻት፣ እውነተኛ ወዝ እስክታወጣ እንዳይነሣ ተፈረደበት። ሦስት ክረምት አሻት። መጀመሪያ ልጆች ሳቁበት። ኋላ ሰው ሲያልፍ ሰላምታ ሰጠው። ኋላም ሲያሽ ሲያሽ ወሬ ያወራ፣ የተጣላ ያስታርቅ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት አንጓች ብሩን ተቀበለች። አየችው። ዳበሰችው። አሸተተችው። «የሰው እጅ ይሸታል። አሁን ብር ሆነ» አለች። ሰውየውም በዚያው የቀጨሞ ሰው ሆኖ ቀረ።

ለአንጓች ፊታውራሪ በቅሏን ሊሸልሟት ነበር። «በቅሎ ገብስ ትበላለች፤ ገብስ ካገኘሁማ እኔ እበላዋለሁ» ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም በምትኩ የዓመት ገብስ ቆረጡላት፤ እስክትሞት በላችው። ስትሞት ገበያው አንድ ቅዳሜ ሳይቆም ቀረ፤ ለእንዶድ ሻጭ ገበያ ሲቀር ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

በቀጨሞ እስከ ዛሬ እንቁላል ሻጮች ከላይ፣ ብር ሠሪዎች ከታች ይቀመጣሉ፤ አይቀራረቡም። የማያውቅ እንግዳ እንቁላሉን ይዞ ወደ ታች ከወረደ ገበያው በሳቅ ይመልሰዋል። ትናንት የከበረ ሰውም እንደ ጥንት ጌታ ተጀንኖ፣ ስለ አያት ቅድመ አያቱ ማውራት ሲጀምር፣ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርግና በለሆሳስ ይጠይቀዋል፦

«ወንድሜ፣ ስንት እንቁላል ፈጀ?»