ስብሰባ ላይ ያለው ኮት

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም፤ ያለው ወንበር ነው፣ ወንበሩ ላይም ኮት ተሰቅሏል። ስለዚህ «የወንበር ኮት!» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲህ ስሙኝ፤ እኔን ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በአንድ ከተማ ጥሩዓለም የምትባል ሴት ነበረች። ለሦስት ቀን ፈቃድ ብላ ከቢሮዋ ወጥታ በዚያው የቀረች ናት። ሦስቱ ቀን ሦስት ወር ሆነ፤ የት ሄድሽ ያላትም የለም። በእነዚያ ሦስት ወራት ከአክስቷ ልጅ ከአናጢው ከአንዳርጌ ጋር አንዲት ትንሽ ድርጅት አቋቋመች። የድርጅቱ ሠራተኛ ሁለት፣ ጠረጴዛው አንድ፣ ሥራውም አንድ ነበር፤ ሰሌዳ ዘርግተው ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ።

የጨዋታው ስም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። አርባ ካሬ አለው። ተጫዋቹ ባለጉዳይ ነው፤ ፋይሉን ይዞ መጨረሻው ካሬ ላይ ካለው ማህተም ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። በመንገዱ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ካሬ አለ፣ «ለቅሶ ሄደዋል» የሚል አለ፣ «ነገ ይመለሱ» የሚልማ ስድስት ቦታ አለ። ዘጠነኛው ካሬ ላይ ወንበር ተስሏል፤ ወንበሩ ላይ ኮት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «አሉ፤ ኮታቸው አለ» ይላል። እዚያ የወደቀ ሰው ሌላ መጥቶ እስኪያስነሳው ድረስ ንቅንቅ አይልም። መጫወቻዎቹንም አንዳርጌ ከዋንዛ እንጨት እየጠረበ ትንንሽ ኮት አስመስሏቸዋል።

ወሬው ግን ከጨዋታው ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ስድብ ነው ያለ አለ፣ እውነት ነው ያለ አለ፣ ሳያየው የተቀየመም ሞልቷል። ጥሩዓለም የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ ጨዋታዋ ታትሞ ቅዳሜ ባዛሩ ላይ እንዲቀመጥ። ባዛሩ በዓመት አንዴ ነው። አንዳርጌም ቁርጡን ነግሯታል።

«ጥሩዬ፣ ቅዳሜ ካልወጣ እኔ ወደ በርና መስኮቴ፣ አንቺም ወደ ቢሮሽ። ድርጅታችን በዚሁ አበቃ።»

ወደ ቢሮ! ጥሩዓለም ይህን ስትሰማ ብርድ ብርድ አላት። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሰማያዊ ሹራቧንም የሆነ ቦታ ረስታዋለች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤቱ ባለቤት ወደ ጋሽ ሽብሩ ሄደች። ጋሽ ሽብሩ ደልደል ያሉ ሳቂታ ሰው ናቸው። ሰሌዳውን ስትዘረጋላቸው «ሲስተም የለም» ላይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ «ለቅሶ ሄደዋል» ላይ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዘጠነኛው ካሬ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ተቋረጠ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይኼን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ ጋሼ። የትም ያለ ነገር ነው።»

«የትም?» ላባቸውን ጠረጉ። «በይ ልጄ፣ የኅትመት ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ማህተም ያረፈበት ወረቀት ካላመጣሽ ማሽኔ አንዲት ቅጠል አያትምም።»

ማሽኑ ያለ ማህተም አላትምም አለ። ጥሩዓለምም ክው አለች።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። ማህተሙን የሚይዙት የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ወይዘሮ አስካለ በሌሎቹ ካሬዎች ሁሉ ተንከተከቱ፤ «ይኼ እከሌ ነው፣ ይኼ እከሊት ናት» እያሉ ለጎረቤት ጠረጴዛ ጭምር አሳዩ። ሃያኛው ካሬ ላይ «የማህተሙ ቀለም ደርቋል» የሚለውን ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው?»

«እትዬ፣ እኔ እርስዎን ዛሬ ማየቴ ነው።»

«ሳታዪኝ እንዲህ ካደረግሽኝ ካየሽኝ በኋላማ! ያለ ኃላፊው ፊርማ ማህተሜን አላሳርፍም።»

ማሽኑ ያለ ማህተም አላትምም አለ፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አላርፍም አለ። ጥሩዓለምም ክው አለች።

ማክሰኞ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ጌጡ ገባች። አቶ ጌጡ ሰሌዳውን ገና ከቦርሳዋ ስታወጣ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«አላየሁትም፣ አላየውምም፤ ግን በጣም ተቀይሜአለሁ!»

«ሳያዩት አቶ ጌጡ?»

«ካየሁትማ ኃላፊነት አለብኝ። የግምገማ ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አምጪና እሱን አይቼ እፈርማለሁ።»

ማሽኑ ያለ ማህተም አላትምም አለ፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አላርፍም አለ፣ ፊርማው ያለ ኮሚቴ አልሰፍርም አለ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እዚህ ላይ እጮህ ነበር። እሷ ግን ክው ብላ ወጣች።

ረቡዕ የኮሚቴውን ጸሐፊ አቶ ውብሸትን አገኘች። እሳቸው ደግሞ ለግምገማ ነው ብለው በሩን ዘግተው አንድ ዙር ተጫወቱ። አራት ጊዜ «ነገ ይመለሱ» ላይ ወደቁ። ሲጨርሱ ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እኛ ሰውን የምናደርገው እንዲህ ነው?»

«ኮሚቴው ተቀምጦ ይወስን እንጂ አቶ ውብሸት፣ ቅዳሜ ደረሰብኝ።»

«የት ይቀመጥ? አዳራሹ ተቆልፏል። ያለ አዳራሽ የተቀመጠ ኮሚቴ አይባልም፤ ወሬኛ ነው የሚባለው።»

ማሽኑ ያለ ማህተም አላትምም አለ፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አላርፍም አለ፣ ፊርማው ያለ ኮሚቴ አልሰፍርም አለ፣ ኮሚቴው ያለ አዳራሽ አልቀመጥም አለ።

አዳራሹ በር ላይ ጠባቂው አባባ ወልዴ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ።»

«እኔ የምጠብቀው በሩን ነው ልጄ። ቁልፉ ያለው የንብረት ኃላፊው ኮት ኪስ ውስጥ ነው።»

«ኮቱስ?»

«ቢሮ ቁጥር አሥራ አራት፣ ወንበሩ ላይ።»

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ቁጥር አሥራ አራት ደረሰች። እውነትም ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ግራጫ ኮት ተሰቅሏል፤ ትከሻው ላይ አቧራ ጣት ያህል ተኝቷል። ልክ ዘጠነኛውን ካሬ! ጥሩዓለም የሳለችው ነገር ዓይኑን አፍጥጦ ያያት መሰላት። ጸሐፊዋ ዓይናለም ቀና አለች።

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«የት ነው ስብሰባው? አዳራሹ እኮ ተቆልፏል፤ ቁልፉም እዚህ ኮት ውስጥ ነው።»

ዓይናለም ይህን አስባው አታውቅም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ስብሰባ ላይ ያሉት?»

«እኔ ሳልቀጠር በፊት ጀምሮ።»

«የተቀጠርሽው መቼ ነው?»

«የዛሬ አራት ዓመት።»

አራት ዓመት! ወይ ጉድ! ሰምታችኋል? ልጅ ተወልዶ አፉን ፈትቶ እየሮጠ ይላላካል፣ ሰውየው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው።

«በቃ ቁልፉን እኔ ላውጣው» ብላ ጥሩዓለም እጇን ስትዘረጋ ዓይናለም ዘላ ተነሳች።

«ኧረ እንዳትነኪው! ኮቱን የነካ ሰው ሰውየው የሉም ማለቱ ነው። የሉም ከተባለ ደግሞ አራት ዓመት አሉ እያልን የጻፍን ሁሉ ምን ሊውጠን ነው?»

እንግዲህ ማሽኑ ያለ ማህተም አላትምም አለ፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አላርፍም አለ፣ ፊርማው ያለ ኮሚቴ አልሰፍርም አለ፣ ኮሚቴው ያለ አዳራሽ አልቀመጥም አለ፣ አዳራሹ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ቁልፉ ከኮቱ አልወጣም አለ፣ ኮቱም ከወንበሩ አልነሳም አለ። ጥሩዓለም ልትወጣ ስትዞር በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበች። አነበበችና በሩን ይዛ ቆመች።

«አቶ ሽብሩ ካሳዬ፣ የንብረት ኃላፊ» ይላል።

ማሽኔ ያለ ማህተም አያትምም ያሉት ጋሽ ሽብሩ! ላብ ያጠመቃቸው ጋሽ ሽብሩ!

እየሮጠች ማተሚያ ቤቱ ደረሰች። ሰሌዳውን ዘረጋች፣ ትንሹን የእንጨት ኮት ዘጠነኛው ካሬ ላይ አስቀመጠች።

«ተራው የእርስዎ ነው ጋሼ።»

ጋሽ ሽብሩ ማሽኑን አጠፉት።

«ልታጋልጪኝ ነው?»

«አይደለም። ቁልፉን ፈልጌ ነው። አራት ዓመት ያ አዳራሽ አልተከፈተም።»

«አራት ዓመት ሙሉ» አሉ ጋሽ ሽብሩ ቀስ ብለው፣ «አንድ ሰው ሽብሩ የት ሄደ አላለም? ቁልፉን እንኳ የጠየቀ የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«እኔ እኮ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር የወጣሁት። ይጠሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሳይጠሩኝ ቀሩ።» ዓይናቸው ቀላ። ሰውየው የደነገጡት በመያዛቸው አልነበረም፤ ሳይፈለጉ በመቅረታቸው ነበር። እኔም ይህን ስሰማ በሳቅሁበት ሁሉ አፈርኩ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሽብሩ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» አላቸው። «ራሴን» ብለው ገቡ። ቢሮ ቁጥር አሥራ አራት ገብተው ኮቱን አነሱ፣ አራገፉ፣ ለበሱ፤ አቧራው ክፍሉን ሞላው። ዓይናለም ጮኸች። ኮሪደሩ ሁሉ በሩን ከፍቶ ወጣ። ኮቱ ሲራመድ ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ።

ኮቱ ከወንበሩ ተነሳ፣ ቁልፉ ከኮቱ ወጣ፣ አዳራሹ በቁልፉ ተከፈተ። ውስጡ «ለአስቸኳይ ስብሰባው እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል የአራት ዓመት ባነር ተንጠልጥሏል። ኮሚቴውም ባነሩ ሥር ተቀመጠ። ክርክሩ ረዘመ፤ በመጨረሻ አቶ ውብሸት ተነስተው «እኔ ተጫውቼዋለሁ። አፍሬአለሁ። ይታተም» አሉ። ሌሎቹም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ካርቶኑ ላይ «ይህ ጨዋታ ማንንም አይመለከትም» ተብሎ ይጻፍ። ፊርማው በኮሚቴው ቃል ላይ ሰፈረ፣ ማህተሙ በፊርማው ላይ አረፈ፣ ማሽኑም በማህተሙ አተመ። የጥሩዓለም ጨዋታ ታተመ!

ቅዳሜ ባዛሩ ላይ ሰው ተጋፋ። «ማንንም አይመለከትም» የሚለውን ያነበበ ሁሉ ስለ ማን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ወይዘሮ አስካለ «ይኼማ አቶ ጌጡ ናቸው» ብለው ለአቶ ጌጡ ገዙ፣ አቶ ጌጡ ለዓይናለም ገዙ፣ ዓይናለም ለዘበኛው ገዛች፣ ዘበኛው ለወይዘሮ አስካለ ገዛ። ለራሳቸው የገዙት አቶ ውብሸት ብቻ ነበሩ። ጋሽ ሽብሩም አልቆለፍ ያላቸውን ኮት ለብሰው መጡ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን አስገብተዋል። ማታውን ጠረጴዛው ላይ አንዲት ካርቶን አልቀረችም። አንዳርጌ ጥሩዓለምን አቅፎ «ሰኞ ሄደሽ መልቀቂያሽን አስገቢ፤ ድርጅት አለን» አላት።

ተረቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ሰኞ ጥሩዓለም መልቀቂያዋን ይዛ ወደ ቀድሞ ቢሮዋ ሄደች። በሯ ላይ ሰው ተሰልፏል። ከፊት ያለችው ሴት የላስቲክ ማኅደር ታቅፋለች፤ የሰባት ዓመት ልጇን በእጇ ይዛለች። ጥሩዓለም አልፋ ልትገባ ስትል ሴትየዋ በትሕትና መለሰቻት።

«እህቴ፣ ተሰለፊ። ጥሩዓለም የምትባል ናት የምትሠራው፤ ስብሰባ ላይ ናት አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«ይኼው ከሐምሌ ጀምሮ ነገ እየተባልን ነው። የልጄ የልደት ወረቀት መሳቢያዋ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ትምህርት ቤት ያለሱ አንመዘግብም ብሎ አስቀራት። ግን አለች፤ አትርቅም። ሹራቧ አለ።»

ጥሩዓለም በበሩ አሻግራ አየች። ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ተሰቅሏል።

አርባውን ካሬ ስትስል፣ የሰውን ኮት ስትቆጥር፣ ያን ሹራብ አንድ ቀን አላሰበችውም ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ጥሩዓለም ዓይኗን መመለስ አልቻለችም።

ከዚያ ገባች። ሹራቡ ከወንበሩ ተነሳ፣ ቁልፉ ከሹራቡ ወጣ፣ መሳቢያው በቁልፉ ተከፈተ፣ ወረቀቱ ከመሳቢያው ወጣ፣ እናትየው ወረቀቱን ተቀበለች፣ ልጅቷም በዚያው ቀን ትምህርት ቤት ገባች። ጥሩዓለም የተሰለፈውን ሁሉ ጨርሳ ሳትሸኝ መልቀቂያዋን አላስገባችም። ሹራቡን ግን አልለበሰችውም፤ በብብቷ ይዛው እየበረዳት ወጣች።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ። እናንተም ተረቴን መልሱ፣ ሹራባችሁን ከወንበር አንሱ።