የትርንጎ ደብዳቤ ጣናን እንዴት እንደተሻገረ

እስቲ ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ፤ ውሸት ካገኛችሁበት ለእናንተ፣ እውነቱ ለእኔ።

ጣና ዳር ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷም፣ የምትወደው አድማሱ እስከ ነገ ሽማግሌ ካልላከ ለጨው ነጋዴው ለባሻ ጓንጉል እድርሻለሁ አላት። አድማሱ ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ነገሩንም አልሰማም። ትርንጎ ደብዳቤ አስጽፋ ለመልእክተኛው ለቢሻው ሰጠችው። ቢሻው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ሮጠ፤ እንዲያው ጥላው እንኳ ደክሞት መንገድ ላይ ቀረ።

ታንኳ ቀዛፊውን አሻግረኝ አለው። ቀዛፊው ሳልበላ አልቀዝፍም አለ።

ወደ ቀዛፊው ሚስት ሄደ። ቀዛፊ ሳይበላ አይቀዝፍ፣ ደብዳቤ አይሻገር፤ ዓሣ ጥበሺለት አላት። ያለ እንጨት በምኔ ልጥበስ አለችው።

ወደ መጥረቢያው ሄደ። ሚስት ያለ እንጨት አትጠብስ፣ ቀዛፊ ሳይበላ አይቀዝፍ፣ ደብዳቤ አይሻገር፤ እንጨት ፍለጥ አለው። መጥረቢያው ሳልሳል አልፈልጥም አለ።

ወደ ቀጥቃጩ ሄደ። መጥረቢያ ሳይሳል አይፈልጥ፣ ሚስት ያለ እንጨት አትጠብስ፣ ቀዛፊ ሳይበላ አይቀዝፍ፣ ደብዳቤ አይሻገር፤ ሳልልኝ አለው። ቀጥቃጩ ከሰል የለኝም አለ።

ወደ አህያዋ ሄደ። ቀጥቃጭ ያለ ከሰል አይስል፣ መጥረቢያ ሳይሳል አይፈልጥ፣ ሚስት ያለ እንጨት አትጠብስ፣ ቀዛፊ ሳይበላ አይቀዝፍ፣ ደብዳቤ አይሻገር፤ ከሰል ተጫኚ አላት። አህያዋ ጨው ሳልልስ ንቅንቅ አልልም አለች።

ጨው ያለው ደግሞ ማን ዘንድ ነው? ባሻ ጓንጉል ዘንድ! ቢሻው ወደ ባሻ ሄደ። አህያ ጨው ሳትልስ አትጫን፣ ቀጥቃጭ ያለ ከሰል አይስል፣ መጥረቢያ ሳይሳል አይፈልጥ፣ ሚስት ያለ እንጨት አትጠብስ፣ ቀዛፊ ሳይበላ አይቀዝፍ፣ ደብዳቤ አይሻገር አላቸው።

ባሻ ጨዉ ለሰርጌ ነው፣ ቅንጣት አልሰጥም አሉ። ከዚያ ዘንጉን አዩት።

«የማን ደብዳቤ ነው?»

«የትርንጎ ነው፣ ባሻ።»

ባሻ ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ። «ይህቺ ልጅ፣ ማዶ ያሉ ዘመዶቿን ለሰርጌ እየጠራች ነው። ምነው ቀድመህ አትነግረኝም? በል ውሰድ፣ እንዳታስረፍድባት።»

ቢሻው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

አህያዋ ላሰች፣ ከሰሉ ተጫነ፣ ቀጥቃጩ ሳለ፣ መጥረቢያው ፈለጠ፣ ሚስት ጠበሰች፣ ቀዛፊው በላ፣ ታንኳው በረረ፣ ደብዳቤው ተሻገረ!

በማግስቱ አድማሱ የማዶውን ሽማግሌ ሁሉ በታንኳ ጭኖ መጣ፤ ሐይቁ በሽበት ነጣ። ባሻም የሙሽራዬ ዘመዶች መጡ ብለው ሁሉንም እያቀፉ ሳሙ፤ መንገድ እየመሩም ከትርንጎ አባት ደጅ አደረሷቸው።

ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ለአድማሱ ብለን መጥተናል» አሉ።

አባትየው ባሻን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። «ባሻ ራሳቸው ይዘዋችሁ ከመጡማ እኔ ምን እላለሁ» አለ።

ትርንጎ ሰው እስኪያግዛት አልጠበቀችም፤ ብቻዋን እልል አለች።

የእኔ ወሬ እዚህ ደረሰች፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሻግሩልኝ።