ጾመች የተባለችው ድመት

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ከተማችን ጠባብ ናት፣ ምናልባትም ዛሬ እዚሁ ተቀምጣ ይሆናል። ልጆቿን ድራ ጨርሳ ከአንዲት ግራጫ ድመት ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ድመቷን ውሪት ትላታለች። «ድመት ናት፣ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ለእሷ ግን በር ስትከፍት የሚቀበላት ሌላ ነፍስ አልነበረም።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሴትዮዋ ጿሚ ናት። ለውሪት ግን «ጾም የታዘዘው ለሰው ነው» ብላ በየጠዋቱ ወተት ገዝታ እንጀራ ትፈተፍትላት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ውሪት ወተቱን በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ ፊቷን አዞረች። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ጎረቤቶቿ «ድመቷ ጾመች» አሉ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ወሬው ከቤት ቤት ሲዞር ቀልዱ እየቀረ መጣ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል ነበር፤ ይቺ ግን ረሳች» ተባለ። ሰው ሊያያት ይመጣል፣ ፊቷን ስታዞር ያያል፣ «የእግዚአብሔር ሥራ» ብሎ ይሄዳል። አንዷማ ዓርብ መጾም እንቢ ያላትን ልጇን አምጥታ «ከድመት ታንሳለህ?» አለችው። ሴትዮዋም ደስ አላት። ለምን ደስ አይላት? ከዚያ በፊት ማን ቤቷን አንኳኩቶ ያውቃል?

ውሪት ከስታለች፤ አጥንቷ ይቆጠራል። ራሷን መላስ ስለተወች ፀጉሯ ተንጨፍርሯል። ይህን ያላየ አልነበረም። «ጾም ያከሳል» አሉ።

ዘይነባ የምትባል ሙስሊም ጎረቤት ነበረቻት። አንድ ቀን ከሰዓት ዘይነባ ሥጋ ስትከትፍ ውሪት እየተጎተተች ማድ ቤቷ ገባች። ቁራሽ ጣለችላት። ድመቷ ተስገብግባ ነከሰችው፣ ጮኸችና ተፋችው። በመዳፏ አፏን መታች። ተመልሳ ነከሰችው፤ ተመልሳ ጮኸች።

ዘይነባ ድመቷን አቅፋ ወደ ሴትዮዋ ሄደች። «እህቴ፣ ይቺ ድመት ታማለች» አለቻት።

«ጾም ላይ ናት» አለች ሴትዮዋ፣ ቅር ብሏት። «አንቺ የእኛን ጾም ምን ታውቂያለሽ?»

«የእናንተን አላውቅም። ግን እኔም እጾማለሁ። የጾመ ምግብ አይቶ ይተዋል እንጂ፣ ነክሶ አያለቅስም።»

ወገኖቼ፣ ያ ሁሉ ሰው መጥቶ አይቷት አፏን ከፍቶ ያያት አልነበረም።

ተያይዘው ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄዱ። በሬና ላም የለመደ ሰው ነው፤ ድመት ሲያመጡለት ፈገግ አለ። አፏን ከፍቶ ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ። የኋላ ጥርሷ በስብሶ ድዷ መግል ቋጥሯል።

«እናቴ፣ መብላት ከተወች ስንት ቀኗ ነው?»

«ወደ ዐሥር ቀን።»

«ዐሥር ቀን ሙሉ ምን ስታደርጉላት ቆያችሁ?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። ዋሽታ ልታመልጥ ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «ስናመሰግናት» አለች።

ጥርሱ ተነቀለ። ሁለት ቀን ቢዘገዩ አትተርፍም ነበር ብሏል ሐኪሙ። ውሪት ድናለች። በሳምንቱ፣ በዕለተ ዓርብ፣ ፍትፍቷን ጥርግ አድርጋ በላች። ያን ቀን ሊያያት የመጣ ሰው የለም።

አያችሁ፣ ተረቱ ልክ ነበር። ድመት አመሏን አትረሳም። የረሳች ድመት ካያችሁ ሐኪም መፈለግ ነበር፤ እኛ ግን ተረቱ ተሻረ ብለን ተደነቅን።

ጾምን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ማንም ይህን ይዞ እንዳይወጣ። የምለው፣ ለሕመም የጽድቅ ስም አታውጡለት ነው። ዝም ያለውን ልጅ «ጨዋ» እንለዋለን። ጨዋ ነው ወይስ ፈርቶ ነው? ከሰው የራቀውን «ጸሎተኛ» እንለዋለን። ምን አራቀህ ብለን ጠይቀነው እናውቃለን? ስሙን ካወጣንለት በኋላማ እሱም ያፍራል። ጻድቅ ሲባል ከርሞ «አሞኛል» ብሎ በየት በኩል ይናገር?

እኔን ተመልከቱ። ባለፈው ጥር በሦስት ሠርግ ላይ ሙሽሮች ስመክር የአንዲት እህታችንን ትዕግሥት ምሳሌ አድርጌ ተናግሬአለሁ። «ባሏ ቢያመሽ፣ ቢሰክር፣ ቢቆጣ ድምፅዋ ከግቢዋ ወጥቶ አያውቅም፤ እንደ እሷ ቻይ ሁኑ» ብያለሁ። እናንተም እልል ብላችኋል። በአንደኛው ሠርግ እሷው ከፊት ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ ነበር። ትሕትና መሰለኝ። በዚያ ሙቀት እስከ አገጯ ለምን እንደተከናነበች አልጠየቅኋትም።

ከማክሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝ ራሷ ናት። ሁለት የጎድን አጥንቷ ተሰብሯል፤ የባሏም ነገር በሕግ ተይዟል። ሐኪሞቹ ከአዲሱ ስብራት አጠገብ የቆየ ስብራት አግኝተዋል፤ ዓመት አልፎታል ይላሉ። እኔ በየሠርጉ ሳመሰግናት አጥንቷ ተሰብሮ ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ልትጠይቋት የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። ሂዱ። ግን እባካችሁ «አንቺ እኮ ቻይ ነሽ» አትበሏት። ወንበር ስባችሁ አጠገቧ ተቀመጡና የት የት እንደሚያማት ጠይቋት። ነግራችሁ እስክትጨርስም ድረስ አትነሱ።